ችግኙ ለምን ደረቀ?

እዚህ ካኩማ ደጃፋችን ላይ የተከልነው ችግኝ ሲደርቅ በውሃ እጥረት እናመካኛለን። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የአፈሩ ነው። በታራች ወንዝ ዳር ያለው ደለል በፋኦ አመዳደብ ፍሉቪሶል ይባላል፤ ጎርፍ ያነጠፈው ስለሆነ ሲቆፈር አሸዋና ጭቃ ተነባብሮ ይታያል። እርሱ ደህና ነው። በደረቅ የግጦሽ አገር የሚያስቸግረው ሶሎኔትዝ የተባለው ነው፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ሶዲየም ስለሚበዛበት ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፣ ውሃም አያሳልፍም። (ከአገር ቤቱ መረሬ ጋር አናምታታው።)

ለመለየት ከጉድጓዱ የወጣ አንድ ደረቅ ጓል የዝናብ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብለን እናስቀምጥ። ሳናማስለው በማግስቱ ውሃው እንደ ወተት ደፍርሶ ከተገኘ ሶዲየም አለበት ማለት ነው። እንዲህ ላለው መሬት ውሃ ብቻ ማብዛት ከራሽናችን ላይ ማባከን ነው፤ ጉድጓዱን አስፍተን ደለልና የፍየል ፍግ እንሙላበት።