የሐበሻ ዶሮ አንጀት ምን ይዟል?

በጎንደር፣ በቀሐ ወንዝ ዳር ጭራ የምታድር ዶሮ ጥሬ፣ ትልና ሣር ስትለቅም በአንጀቷ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎችም ትቀልባለች። እነርሱ በብዛት የሚገኙት ትንሹና ትልቁ አንጀት በሚገናኙበት ቦታ ባሉት ሁለት ከረጢት መሰል አንጀቶች ውስጥ ነው። በዚያም ዶሮዋ ልትፈጨው ያልቻለችውን አሰር አብላልተው ኃይል የሚሆኑ አሲዶችን ይሰጧታል።

ታዲያ ማንነታቸውን እንዴት እናውቃለን? ብዙዎቹ ኦክስጅን ስለማይስማማቸው በቤተ ሙከራ ለማራባት ያስቸግራሉ። ስለዚህ ዲ.ኤን.ኤ.ያቸውን ከአንጀቱ ይዘት በቀጥታ አውጥተን እናነባለን። አንደኛው መንገድ 16ኤስ የተባለውንና በባክቴሪያ ሁሉ የሚገኘውን ዘረመል ብቻ ማንበብ ነው፤ ይህም «እነማን ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛው የተገኘውን ዲ.ኤን.ኤ. ሁሉ በቁርጥራጭ አንብቦ እንደ ተቀደደ ብራና መገጣጠም ነው፤ ይህ ደግሞ «ምን መሥራት ይችላሉ?» የሚለውን ይገልጣል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት 243 የኢትዮጵያ የገጠር ዶሮዎችን በዚህ ዘዴ መርምሯል። የባክቴሪያዎቹ ስብጥር ከአየር ንብረት፣ ከአፈርና ከመኖ ጋር እንደሚለያይ፣ አንደኛው ዓይነት ስብጥርም በተለይ በከፍተኛ ቦታዎች ጎልቶ እንደሚታይ አሳይቷል።

እንግዲህ የሐበሻን ዶሮ በውጭ ዝርያ ስንተካ፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ያለ ልክ ስንሰጥ፣ ለአደጋ የምናጋልጠው በደጋው ኑሮ የተገነባውን ይህን ማኅበር ጭምር መሆኑን ልብ እንበል።