ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃንና የአንጀቱ በሽታ

በአዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ ከፒያሳ ሥር እሪ በከንቱ ተብሎ የሚጠራ ስፍራ አለ። እሪ ማለት ጩኸት ነው። በከንቱ ማለት ያለ ጥቅም ማለት ነው። ዱሮ ስፍራው ቀማኛ የሚያደባበት ነበርና ሰው ቢጮህም የሚደርስለት አልነበረም፤ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። ዛሬ ግን ከዚያ ሰፈር ምጥ ለያዛት ሴት የካቲት 12 ሆስፒታልም ጥቁር አንበሳም ሩቅ አይደሉም። የገጠሯ እናት መንገዷ ረጅም ስለሆነ ምልክቱን ቀድማ ማወቅ አለባት። በተለይ ልጇ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ከሆነ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲታመም እንደ ሌላው ልጅ አይጮህም። ዝም ይላል።

አንዲት ሴት ፅንስ የምትሸከመው 40 ሳምንት ያህል ነው። 37 ሳምንት ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን ያለ ቀኑ ተወለደ ይባላል። «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ስሕተት ነው። በማሕፀን የሚጨመር እያንዳንዱ ሳምንት ለሕፃኑ ጉልበት ይሆነዋል። እሸት ሳለ የታጨደ ገብስ ጎተራ አይገባም አይደል? ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅም ሳንባው፣ ቆዳው፣ አንጀቱ ገና እሸት ነው። ሳንባው ሲያስቸግር ትንፋሹ ስለሚታይ ሁሉም ይደነግጣል። አንጀቱን ግን ማን ያየዋል?

የዚህ አንጀት ከባድ በሽታ አለ። ሐኪሞች በፈረንጅ ስሙ ባጭሩ ኔክ ይሉታል። እኛ የአንጀት መሞት ብንለው ትርጉሙን ያገኘዋል። የሚሆነው እንዲህ ነው። የሕፃኑ አንጀት ግድግዳ እንደ ሳሳ ስልቻ ስስ ነው። በአንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች አሉ። በጤናማ አንጀት ግድግዳው ያግዳቸዋል። በስሱ አንጀት ግን ግድግዳውን ዘልቀው ይገባሉ፣ ያቆስሉታል፣ ያሳብጡታል። ያበጠው ክፍል ደም አይደርሰውም። ውሃ ያጣ ቅርንጫፍ እንደሚደርቅ ሁሉ ደም ያጣ አንጀትም ይሞታል። ሲብስ ይበሳል፤ ውስጡ ያለው ቆሻሻ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል።

በሽታው አብዝቶ የሚይዘው ሲወለዱ ከ1 ኪሎ ተኩል በታች የሚመዝኑትን ነው። ከእነዚህ ከ100ው ከ5 እስከ 10 ያህሉን ይይዛል። በበለጸጉት አገሮች እንኳ ከሚታመሙት አምስት ልጆች አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሞታል። ክፋቱ ደግሞ ጊዜው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። ይኸውም ልጁ መተንፈስ ችሎ፣ ወተት መውሰድ ጀምሮ፣ ቤተሰቡ «ተረፈልን» ብሎ እፎይ ባለበት ሰዓት ነው።

ከ2008 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2010 ዓ.ም. ግንቦት በአምስት ሆስፒታሎች ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ሆስፒታሎቹ ጥቁር አንበሳ፣ ጋንዲ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ጎንደርና ጅማ ናቸው። ያለ ቀናቸው ተወልደው በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተኙት 3852 ሕፃናት ውስጥ 28 ቀን ሳይሞላቸው 1109 ሞተዋል። ከሞቱት ከ100ው 45ቱን የገደለው የሳንባ አለመብሰል ነው። 30ውን ያመረቀዘ ደም፣ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር፣ 14ቱን ደግሞ በወሊድ ጊዜ መታፈን ገድለዋል። ታዲያ ኔክ ከዋነኞቹ ገዳዮች ካልሆነ ስለ እሱ መማር ለምን? ለሳንባው መሣሪያ ያስፈልጋል፤ መሣሪያውም ያለው ሆስፒታል ነው። አንጀቱን ለመጠበቅ ግን ዋናው መድኃኒት በእናቱ ደረት ላይ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 የእንግሊዝ ሐኪሞች ያለ ቀናቸው በተወለዱ 926 ሕፃናት ላይ ያገኙትን አሳተሙ። የቆርቆሮ ዱቄት ወተት ብቻ በተሰጣቸው ልጆች ላይ ኔክ የእናት ጡት ወተት ብቻ ካገኙት ከ6 እስከ 10 ጊዜ በዝቶ ተገኘ። የእናት ወተት ጀርም የሚከላከል ነገር አለበት። ለስሱ አንጀትም ይለሰልሳል። ይልቁንም እንገሩ። ላም ስትወልድ ጥጃው መጀመሪያ የሚጠባው እንገሩን መሆኑን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ታዲያ የሰው እንገር «ቆሻሻ ነው» ተብሎ መሬት የሚፈስሰው ለምንድን ነው? በእሱ ፈንታ ለጋ ቅቤ ይዋጥለታል፤ የአብሽ ውሃ፣ የስኳር ውሃ፣ የላም ወተት ይሰጠዋል። ያልበሰለ አንጀት ይህን አይችልም። ጀርምም አብሮ ይገባል።

በጣም ቀድሞ የተወለደ ልጅ መጥባት ላይችል ይችላል። ያን ጊዜ እናትዮዋ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በተቀቀለ ንጹሕ ኩባያ ወተቷን ትለብ። ሆስፒታል ከሆነች ነርሷ በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ ጥቂት ጥቂት ትሰጠዋለች። መዋጥ ከቻለ በኩባያ ይጠጣል። ጡጦ አይሁን፤ ጡጦ በደንብ አይጸዳም።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። ቅድም ባነሳነው ጥናት ከሞቱት ከ100ው በ69ኙ ላይ ብርድ አባባሽ ሆኖ ተገኝቷል። ልጁን ራቁቱን፣ ኮፍያና ሽንት ጨርቅ ብቻ አድርጎ፣ በእናቱ ጡቶች መሃል ቆዳ ለቆዳ ማሰር ነው። ይህን ዘዴ በ1978 እንደ ፈረንጆች የጀመሩት የኮሎምቢያው ሐኪም ኤድጋር ሬይ ናቸው፤ ማሞቂያ ሣጥን አንሷቸው ነበር። በጥቁር አንበሳ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳዬ ካሴ ሞክረውት ውጤቱን በ1997 ዓ.ም. አሳትመዋል። ቶሎ በእናታቸው ደረት ከታቀፉት ከ100ው 22 ያህሉ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት 38 ያህሉ ሞተዋል። አባትም ማቀፍ ይችላል። ወንድ ልጅ አያቅፍም የሚለውን ነገር እኔ አልቀበለውም፤ የአባት ደረትም ይሞቃል።

አሁን ምልክቶቹን ልብ በሉ። ሆዱ ይነፋል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ አንዳንዴም ይቀላል ወይም ይጠቁራል። አረንጓዴ ያስታውካል። ዓይነ ምድሩ ላይ ደም ይታያል። ጡት እምቢ ይላል፣ ይዝላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። እንዲህ ሲሆን «ዓይን ነው» ወይም «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚል አይጠፋም። እንጥል ማስቆረጥ ደም ያስፈስሳል፣ ቁስል ይጨምራል እንጂ አንጀቱን አያድንም። ሌላም ዕንቅፋት አለ። በሽታው የሚመጣው አራሷ ከቤት በማትወጣበት ጊዜ ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ይጠበቃል። ለዚህ በሽታ ግን አንድ ቀንም ብዙ ነው።

ሐኪሞቹ በራጅ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ አየር መግባቱን ያያሉ። በአፉ የሚሰጠውን ሁሉ ያቆማሉ፤ በቱቦ ሆዱን ያስተነፍሳሉ፤ ምግብና መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጡታል። እናት ይህን አይታ «ልጄን አስራቡብኝ» ብላ ተደብቃ አታጥባው። አንጀቱ እንዲያርፍ ነው። ወተቷ እንዳይደርቅ ግን ማለቧን ትቀጥል፤ ሲድን ይፈልገዋል። አንጀቱ ከተበሳ ይቀደዳል፤ የሞተው ተቆርጦ ይወጣል።

ስለዚህ አንዱ ምልክት እንኳ ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሯት፣ አምቡላንስ ይጠራ። ልጁ በእናቱ ደረት ታስሮ በጋቢ ተሸፍኖ ይሂድ። ባለሙያ እስኪያየው ቅቤም ውሃም አይቅመስ። አሁን መጻፍ ችላችኋልና የሆነውን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ነርሷ ታነበዋለች። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የተወለደ ጥር 4። ክብደቱ 1 ኪሎ ከ400 ግራም። ቅዳሜ ማታ አስታወከ፣ ቀለሙ አረንጓዴ። እሑድ ጠዋት ሆዱ ተነፋ። ከጠባ 6 ሰዓት ሆነው።»