ለአሮጌ ታብሌት ሩት ይሻላል ወይስ አዲስ ፈርምዌር?

አሮጌ ታብሌት ይዞ በራያ ቆላ ቆቦ ወደሚገኝ ሞባይል ጥገና ቤት የሚገባ ሰው አቤቱታው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ቀርፋፋ ሆነብኝ፤ ሳልነካው ማስታወቂያ ያወጣል፤ ካርድ ሞልቼ ሳልደውልበት ያልቃል፤ አዲሱ አፕ አልጫን አለኝ። ከዚያ «ሩት ይደረግልኝ» የሚል ጥያቄ ይከተላል። እዚህ ላይ ሁለት ሥራዎች ተቀላቅለዋል። ሩት ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ፈርምዌር፣ ማለትም ታብሌቱን የሚያሠራውን ሥርዓት፣ መቀየር ደግሞ ሌላ። «ሩት» እያለ የሚጠይቀው ሰው በአብዛኛው የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ልዩነቱን ለማየት ታብሌቱ ሲበራ ውስጥ ለውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ማብሪያው ሲጫን መጀመሪያ የሚነቃው አንድሮይድ አይደለም። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ከፋብሪካ የተቀረጸ ትንሽ ፕሮግራም ቡትሎደርን ያስነሳል፤ ቡትሎደሩ የሥርዓቱን እምብርት ከርነሉን፣ ከርነሉ ደግሞ አንድሮይድን። እያንዳንዱ ደረጃ ቀጣዩን ከማስነሳቱ በፊት የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ እንዳለበት ያጣራል። በራያ ቆላ ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ውሃ የሚያዝበት የቦዩን አፍ የያዘ ነው፣ ታች ያለው ማሳ የሚያገኘው እዚያ የተለቀቀለትን ብቻ ነው። ቡትሎደሩ ተቆልፎ ሳለ የአምራቹ ፊርማ የሌለበት ሥርዓት አይነሳም። «ቡትሎደር መክፈት» ማለት ይህን ማጣሪያ ማንሳት ነው።

የታብሌቱ ማከማቻም አንድ ወጥ አይደለም፤ በክፍልፋዮች ተከፋፍሏል። አንዱ ክፍል ከርነሉን፣ አንዱ ለጥገና የሚያገለግለውን ሪከቨሪ፣ አንዱ አንድሮይድን ራሱን፣ አንዱ ደግሞ የባለቤቱን ፎቶና አፕ ይይዛል። ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ላይ ነው፦ ፋክተሪ ሪሴት የሚያጸዳው የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነው። አንድሮይድ ያለበትን ክፍል አይነካውም። ስለዚህ ችግሩ ያለው ከፋብሪካ በመጣው ሥርዓት ውስጥ ከሆነ ሪሴት አሥር ጊዜ ቢደረግም ተመልሶ ይመጣል።

ይህ በአገራችን የታየ ነገር ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፕስትሪም የተባለው ኩባንያ ሴኪዩር-ዲ በሚለው የጥበቃ አገልግሎቱ በኩል ያወጣው ጥናት በቴክኖ ደብሊው 2 ስልኮች ላይ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞች እንደተገኙ አስታወቀ። ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋና እና ደቡብ አፍሪካ በዋናነት ከተጠቀሱት አገሮች ነበሩ። ከ200,000 በላይ ከሆኑ መሣሪያዎች የመጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶች ተመዝግበዋል። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በአየር ሰዓቱና በዳታው ላይ አገልግሎት ይመዘግቡ ነበር። አምራቹ ትራንሽን ስህተቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ስሙን ባልጠቀሰው አቅራቢ ላይ አድርጎ፣ ማስተካከያ ማውጣቱን ገለጸ። «ካርድ ሞልቼ ሳልደውልበት ያልቃል» የሚለው ሰው ሁልጊዜ እያጋነነ አይደለም። እንዲህ ላለው ሕመም መድኃኒቱ ሩት አይደለም፤ ንጹሕ ፈርምዌር እንደ አዲስ መጫን ነው።

ታዲያ ሩት ምንድን ነው? አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ላይ ነው። በአንድሮይድ እያንዳንዱ አፕ የራሱ የተጠቃሚ ቁጥር አለው፣ የሌላውን ፋይል ማንበብ አይችልም። ቁጥሩ 0 የሆነው ተጠቃሚ ግን ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይለውጣል፤ ሩት የሚባለው እሱ ነው። ዛሬ ለዚህ የሚሠራበት ዋናው መሣሪያ ማጂስክ ነው። ማጂስክ የቡት ምስሉን አሻሽሎ የሥርዓቱን ክፍል ሳይነካ የሩት ሥልጣን ይፈጥራል፣ አንድ አፕ ይህን ሥልጣን ሲጠይቅም ባለቤቱን ያስፈቅዳል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ መጥፎ አፕ «እሺ» ያለ ሰው የባንክ መልእክቱን፣ ፎቶውንና የይለፍ ቃሉን አብሮ አስረክቧል። የባንክ መተግበሪያዎችም ሩት የሆነ መሣሪያ ላይ አንሠራም ሊሉ ይችላሉ፤ በቴሌብርና በሲቢኢ ብር ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሩት በአገራችን ዝና ያገኘው ያለ ምክንያት እንዳልነበር መመስከር ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ስሪቶች የግዕዝ ፊደል አልነበረም፤ አማርኛ ሲጻፍ የሚታየው ባዶ ሣጥን ነበር። ፊደሉን ወደ ሥርዓቱ የፎንት ማኅደር ለማስገባት ሩት ግድ ይል ነበር፣ ብዙ ወጣትም ሙያውን የተማረው በዚህ ነው። ዛሬ የግዕዝ ፊደል ከአንድሮይድ ጋር አብሮ ይመጣል። ያ ምክንያት ቀርቷል፤ ልማዱ ግን አልቀረም።

ስለ ልጆችና ታብሌት ሲወራ የሚነሳ ሌላ ታሪክም አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ከፀሐይ ቻርጀር ጋር ሰጠ። በወራት ውስጥ ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ አስከፈቱ፤ እንዳይለወጥ የተቆለፈውን የፊት ገጽም እያንዳንዳቸው እንደ ፍላጎታቸው አስተካከሉት። ዓለም «የኢትዮጵያ ልጆች አንድሮይድን ሰበሩ» ብሎ ጻፈ። የልጆቹ ብልኅነት የሚደነቅ ነው። የተነገረው ነገር ግን ከላይ የተደረበን መቆለፊያ ማለፍ እንጂ ቡትሎደር መክፈት አይደለም። ብዙው የምንፈልገው ነገር እንደዚያው ከላይ ያለ፣ ሩት የማይጠይቅ ነው። ከፋብሪካ የመጣ የማይፈለግ አፕ እንኳ ታብሌቱን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ኤዲቢ በሚባለው መሣሪያ ከተጠቃሚው ላይ ማንሳት ይቻላል። ፋክተሪ ሪሴት ሲደረግ ግን ይመለሳል።

አሁን ወደ ፈርምዌር ምርጫው እንምጣ። ዋናው ደንብ መልክን አለማመን ነው፤ የሚታመነው የሞዴል ቁጥሩ ነው። ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ7 ባለ 10.4 ኢንቹን እንውሰድ። ኤስኤም-ቲ500 ዋይፋይ ብቻ ያለው ነው፤ ኤስኤም-ቲ505 ሲም ይቀበላል። ከፊት ሲታዩ መንታ ናቸው፣ ፈርምዌራቸው ግን የተለያየ ነው። ርካሽ ታብሌቶች ላይ ነገሩ ይብሳል፦ አንድ ስም ተለጥፎባቸው በውስጣቸው የተለያየ ቦርድ ያላቸው አሉ፤ «ስለ ታብሌቱ» የሚለው ገጽ ላይ የሚታየው የአንድሮይድ ስሪትና የማከማቻ መጠንም ሐሰት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ታብሌት በእጅዎ ካለ የሌላ ሰው ፋይል አይሞክሩበት።

ምርጫው ሦስት ነው ቢባል ይቻላል። የመጀመሪያው የአምራቹ ኦሪጅናል ፈርምዌር ሲሆን፣ ለቴክኖ፣ ለአይቴልና ለመሳሰሉት እኔ የምመክረው ይኸው ነው። ሁለተኛው ሊኒየጅ ኦኤስ ነው። ሳያኖጅንሞድ የሚባለው ቀዳሚው ፕሮጀክት በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲዘጋ ማኅበረሰቡ ሥራውን ተረክቦ የቀጠለበት ነጻ ሥርዓት ሲሆን፣ አምራቹ የተዋቸውን መሣሪያዎች በአዲስ አንድሮይድና በጸጥታ ማሻሻያ ዕድሜ ይቀጥልላቸዋል። ታብ ኤ7ና ታብ ኤስ5ኢ ከደገፋቸው ታብሌቶች ውስጥ ናቸው። ለእነዚህ ከኦሪጅናሉ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ሦስተኛው ከፕሮጀክት ትሬብል፣ ማለትም ከአንድሮይድ 8 ወዲህ የመጣው ለሁሉም መሣሪያ ተብሎ የሚሠራ የጋራ ምስል ነው። ይነሳል፤ ካሜራው ወይም ኔትወርኩ ግን ላይሠራ ይችላል። ለመማሪያ እንጂ ለዕለት ሥራ አይሆንም።

ሊኒየጅ ከጉግል አፖች ውጭ ነው የሚመጣው። ፕሌይ ስቶር የሚፈልግ ሰው ማይንድ ዘ ጋፕስ የሚባለውን ጥቅል ሥርዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሳቱ በፊት መጫን አለበት። መጽሐፍ ለማንበብና ቪዲዮ ለማየት ብቻ የሚፈልግ ግን ጉግል ባይኖረው ይሻለዋል፤ አሮጌው ታብሌት ቀለል ይለዋል፣ ዳታም ይቆጥባል።

ሊኒየጅን የመጫኑን አንድ ክፍል፣ ማለትም ቡትሎደር መክፈቱን፣ በታብ ኤ7 ላይ ላሳይ። በሴቲንግ ውስጥ «የግንባታ ቁጥር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ሲነኩ የገንቢዎች ምርጫ ይከፈታል። እዚያ «ኦኢኤም መክፈቻ» የሚለውን ያብሩት፤ ታብሌቱ ከኢንተርኔት ካልተገናኘ ይህ ምርጫ ላይታይ ይችላል። ታብሌቱን አጥፍተው ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ እንደተጫኑ ከኮምፒውተር የመጣውን ኬብል ይሰኩ። ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ የድምፅ መጨመሪያውን ረዘም አድርገው ይጫኑና ያረጋግጡ። በዚያች ቅጽበት በታብሌቱ ላይ ያለው የግል ፋይል ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ፎቶና ሰነድ አስቀድሞ ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ይገልበጥ፣ ሚሞሪ ካርዱም ይውጣ። ታብሌቱ ሲነሳ እንደገና ኢንተርኔት አገናኝተው ኦኢኤም መክፈቻው እንደበራ ያረጋግጡ። የሊኒየጅ ሪከቨሪ ኦዲን በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጫነው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ የማይመለስ ነገርም አለ፦ የሳምሰንግ ፊርማ የሌለው ፋይል ሲጫን ኖክስ የሚባለው መለያ ይቃጠላል፣ ኦሪጅናሉ ቢመለስም ሴኪዩር ፎልደር ዳግም አይሠራም።

ሚዲያቴክ ቺፕ ባላቸው ታብሌቶች ላይ ፈርምዌር የሚጫነው ኤስፒ ፍላሽ ቱል በሚባለው ፕሮግራም ነው። እዚያ «ፎርማት ኦል» የሚለውን ምርጫ አይንኩ። የኔትወርክ መለያ ቁጥሩ ማለትም አይኤምኢአዩ ያለበትን ክፍል አብሮ ያጠፋዋል፣ ሲም ያለው ታብሌት ያለ ኔትወርክ ይቀራል። «ዳውንሎድ ኦንሊ» ይበቃል።

በራያ ቆላ ሦስት ነገር ይታሰብ። አንዱ መብራት ነው፦ በላፕቶፕ ይሠራ፣ ላፕቶፑም ታብሌቱም በደንብ ቻርጅ ይደረጉ፤ ፈርምዌር በመጻፍ ላይ ሳለ የሚቋረጥ ኃይል ታብሌቱን ሊገድለው ይችላል። ሁለተኛው ሙቀት ነው፦ ባትሪው አብጦ ጀርባውን የገፋ ታብሌት መጀመሪያ ባትሪው ይቀየር። ሦስተኛው ኢንተርኔት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን ሁላችን እናስታውሳለን። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሰው ከወልድያ ወይም ከአዲስ አበባ በፍላሽ ያስመጣዋል። ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ፋይል ተቀይሮ ወይም ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የሊኒየጅ ገጽ ለእያንዳንዱ ፋይል ሻ-256 የሚባል የቁጥርና የፊደል አሻራ ያወጣል። ፋይሉን የሚያወርደው ሰው አሻራውን በመልእክት ይላክልዎ፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም አሻራ የሚያሰላ ትእዛዝ ስላላቸው ከደረሰዎ ፋይል ጋር ያመሳክሩት። አንድ ፊደል ከተለየ አይጫን።

የመንግሥት ታብሌት የተለየ ጉዳይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የሚጠቀሙበት ታብሌት የእናቶችንና የሕፃናትን መዝገብ ይዟል። ቡትሎደሩ ሲከፈት ገና ወደ ማዕከል ያልተላከው መዝገብ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ታብሌት «ክፈቱልኝ» ተብሎ ሲመጣ የጥገና ባለሙያው እምቢ ብሎ ወደ ጤና ጣቢያው ይመልሰው።

ሥራውን ለባለሙያ የሚሰጡ ከሆነ የሞዴል ቁጥሩን ራስዎ ከታብሌቱ ጀርባ አይተው ጽፈው ይስጡት። የትኛውን ፋይል ከየት አምጥቶ እንደሚጭን ይጠይቁት። ታብሌቱን ሲረከቡም ሩት አድርጎ እንዳልተወው ያረጋግጡ፤ ካላዘዙት በቀር ሩት አያስፈልግዎትም።