የስብዕና መጠይቅን ለመምህር ሙያ ማሻሻያ የመጠቀም አሠራር

በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ የሚጠበቅበት መምህር ዕቅዱን ሲጽፍ የሚቸገረው «ምኔን ላሻሽል?» የሚለው ላይ ነው። የስብዕና መጠይቅ እዚህ ላይ ያግዛል፤ የሚያግዘው ግን ውጤቱን ክፍል ገብቶ እንደሚፈተሽ ግምት ለሚቆጥር ሰው ነው። እንደ ፍርድ ለተቀበለው ሰው ግን ጉዳቱ ያመዝናል።

መጀመሪያ መጠይቁን ይምረጡ። ሰውን በ16 ዓይነት የሚመድበውን የማየርስ ብሪግስ መጠይቅ ይተዉትና አምስቱን ዋና ዋና ገጽታዎች፣ ማለትም ተግባቢነትን፣ ተስማሚነትን፣ ጥንቁቅነትን፣ የስሜት መረጋጋትንና ለአዲስ ሐሳብ ክፍት መሆንን የሚለካውን ይያዙ። አብዛኛው ሰው መሐል አካባቢ ስለሚውል በጥቂት ነጥብ ልዩነት «ዝምተኛ» ወይም «ተግባቢ» መባል የለበትም። አይፒአይፒ በሚባለው የጥያቄዎች ስብስብ ውስጥ ነጻ መጠይቆች አሉ፤ እኔ ከባለ 120ው ይልቅ ባለ 50ውን እመርጣለሁ፣ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። ከ1 እስከ 5 ሲመልሱ መሆን የሚመኙትን ትተው የሆኑትን ይሙሉ። ተገልብጠው የተጻፉትን ጥያቄዎች ሲደምሩ ይጠንቀቁ፦ ተግባቢነትን በሚለካ ክፍል «ብዙ አላወራም» ለሚል ዓረፍተ ነገር 4 ከሰጡ የሚደመረው ከ6 ላይ 4 ተቀንሶ የሚቀረው 2 ነው። ለእያንዳንዱ ገጽታ 10 ጥያቄ ስላለ ድምሩ ከ10 እስከ 50 ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ውጤቱን ሲያነብ ነው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር በርትራም ፎረር በ1948 እ.ኤ.አ. ተማሪዎቹን የስብዕና ፈተና አስፈተነና «የየግላችሁ ውጤት ነው» ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አደለ፤ ተማሪዎቹ ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ስለዚህ «እውነትም እኔን ነው!» ማለትዎ ማስረጃ አይሆንም። ተመራማሪዎቹ ኪም፣ ዮርግና ክላሰን በ2019 እ.ኤ.አ. የቀደሙ ጥናቶችን አጠቃለው ሲመረምሩ፣ ከተስማሚነት በቀር አራቱ ገጽታዎች ከመምህር ውጤታማነት ጋር መያያዛቸውን አግኝተዋል፤ ዝምድናው ግን ስለ አንድ መምህር ለመፍረድ የሚያበቃ ጥንካሬ የለውም። ደግሞም መምህሩ ስለ ራሱ ከሞላው ይልቅ ሌላ ሰው ስለ እሱ የሞላው ጠንከር ያለ ዝምድና አሳይቷል። እንግዲህ ያንኑ መጠይቅ የሚያምኑት ባልደረባ ስለ እርስዎ ይሙላልዎት፤ ሁለቱ ውጤቶች የተራራቁበት ቦታ ከቁጥሩ በላይ ያስተምራል። «ዝምተኛ ስለሆንኩ የቡድን ሥራ አይሆነኝም» ብለው እንዳይጽፉ! ቁጥሩን ወደ ጥያቄ ይለውጡት፦ «ተግባቢነቴ 44 ወጥቷል፤ ተማሪ ጠይቄ ዝም ሲል ራሴ እመልስለት ይሆን?»

ቀጥሎ ጥያቄውን ይፈትሹ። ተመራማሪዋ ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል መሆኑን፣ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ግን የተማሪው መልስ እንደሚረዝምና «አላውቅም» ባዩ እንደሚቀንስ አሳይታለች። ባልደረባዎ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከጥያቄዎ እስከሚቀጥለው ቃልዎ ያለውን ሰከንድ፣ እንዲሁም የትኛው ረድፍ እንደመለሰ ይመዝግብልዎ። ለዕቅድ የሚበቃዎት ይህ ነው።

«ስብዕና አይለወጥም፤ ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። እዚህ የሚለወጠው ልማድ ነው፤ ሦስት ሰከንድ ለመጠበቅ ሌላ ሰው መሆን አያስፈልግም። «መምህሩ ራሱን አሳምሮ ይሞላል» የሚለው ስጋት የበረታ ነው፤ ውጤቱ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ከዋለ በእርግጥም ያሳምራል። ስለዚህ ርዕሰ መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር ከሆኑ ውጤቱን አይሰብስቡ፤ መምህር ከሆኑም የነጥብ ወረቀቱ ከእርስዎ እጅ አይውጣ፣ ወደ ማህደረ ተግባር የሚገባው ጥያቄውና የምልከታው መዝገብ ብቻ ይሁን። «በ60 ተማሪ ክፍል ችግሩ ስብዕና ነው ወይ?» ለሚልም መልሱ አይደለም ነው። የተማሪውን ብዛትና የመጽሐፍ እጥረቱን መጠይቅ አይፈታም፤ ለዚህም ነው በመምህሩ እጅ ያለ አንድ ልማድ ብቻ መምረጥ የሚገባው።

ከአንድ ወሰነ ትምህርት በኋላ ምልከታውን ይድገሙ። መዝገቡና የመጠይቁ ነጥብ ከተጋጩ መዝገቡን ይመኑ፤ ተማሪው የሚያገኘው ክፍል ውስጥ የሚያደርጉትን እንጂ መጠይቅ ላይ የሞሉትን አይደለም።