የዱር እሳት አጥፊ መኪናዎች በሕግ ስለ ተሰጣቸው ቅድሚያ

የመንገድ ሕግ መንገደኛውን ሁሉ በአንድ ሚዛን ይመዝናል። ሀብታሙም ድኻውም፥ ሹሙም ባላገሩም በቀይ መብራት ፊት ይቆማሉ። ነገር ግን ዱር በሚቃጠልበት ሰዓት ውሃ የጫነው መኪና ተራውን ይጠብቅ ቢባል፥ ሰውን ለመጠበቅ የቆመው ሕግ ራሱ ለጥፋት ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ ብዙ መንግሥታት ለእሳት አጥፊ መኪና ቅድሚያ ሰጥተዋል። ይህ ቅድሚያ ለማን፥ መቼ፥ በምንስ ወሰን እንደ ተሰጠ ለመረዳት በአሜሪካ የምትገኘውን የካሊፎርኒያን ሕግ መመልከት ይጠቅማል፤ በዚያ አገር በጋው ረዥምና ደረቅ ስለ ሆነ የዱር እሳት በየዓመቱ ይነሣልና።

መጀመሪያ፥ ለማን እንደ ተሰጠ። የካሊፎርኒያ የመኪና ሕግ በ165ኛው ክፍል የአደጋ ጊዜ መኪና የሚባለውን ይዘረዝራል። በዚህም ውስጥ የከተማ እሳት አጥፊ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት የደን መሥሪያ ቤት መኪናም በስሙ ተጠርቶ ተጽፏል። የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት መኪናም ለእሳት ጥሪ ሲሄድ ከዚሁ ይቈጠራል። በደመወዝ ተቀጥረው የደንበኞቻቸውን ቤት ከእሳት የሚጠብቁ የግል ማኅበሮች ግን ይህ መብት የላቸውም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፥ የእነዚህ ማኅበሮች መኪና የአደጋ ጊዜ መኪና አለመሆኑ እንዲጻፍበት፥ የአደጋ መብራትና ሳይረን የተባለውን የማስጠንቀቂያ ጩኸትም እንዳይጠቀም አዟል። ምልክቱ በብዙዎች እጅ የገባ እንደ ሆነ ሕዝቡ የትኛውን ማሳለፍ እንዳለበት መለየት ይሳነዋልና።

ሁለተኛ፥ መቼ እንደሚሠራ። በ21055ኛው ክፍል እንደ ተጻፈው፥ ነጂው ከፍጥነት ወሰንና ከመቆሚያ ምልክት ነጻ የሚሆነው በአደጋ ጥሪ ምክንያት ሲሄድ ነው። ከፊት የሚታይ ቀይ መብራት ማብራት አለበት፤ እንደ አስፈላጊነቱም ሳይረን ያሰማል። ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው። ፖሊስም ቢሆን ሌላ መኪና ሲያጅብ፥ ሕይወት ለማዳን ወይም ሕጉ ለለያቸው ጥቂት አስቸኳይ ጉዳዮች ካልሆነ በቀር፥ ሳይረን እንዳያሰማ ተከልክሏል። ከዚህም ቅድሚያው የተሰጠው ለጉዳዩ እንጂ ለመኪናው ክብር ወይም ለተቀመጠበት ሰው ማዕርግ አለመሆኑ ይታወቃል።

ሦስተኛ፥ ወሰኑ። ቀጥሎ ያለው 21056ኛው ክፍል፥ ነጂው ስለ ሰው ሁሉ ደኅንነት ከመጠንቀቅ ግዴታ ነጻ እንዳልሆነ ይናገራል። ይህም በምክንያት ነው። በካሊፎርኒያ የተለመደው የዱር እሳት አጥፊ መኪና 500 ጋሎን፥ ማለት ወደ 1,900 ሊትር ገደማ ውሃ ይጭናል፤ የውሃው ክብደት ብቻ 19 ኩንታል ያህል ነው። እንዲህ ያለ ጭነት በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ቶሎ ልቁም ቢል አይቆምም። እሳት ሊያጠፋ የወጣ ሰው በመንገድ ላይ ሰው ቢገድል፥ ለአንዱ የያዘውን መድኃኒት ለሌላው መርዝ አደረገው ማለት ነው።

የሌላው መንገደኛ ግዴታም ተጽፏል። ቀይ መብራቱንና ሳይረኑን ያየና የሰማ ነጂ ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ ተጠግቶ ይቆማል፤ እስኪያልፍም ይጠብቃል። ከኋላው 300 ጫማ፥ ማለት 90 ሜትር ያህል ሳይርቅ ሊከተለው አይፈቀድም።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን መንገድ አይሠራም። ጥቅምት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.) በሰሜን ካሊፎርኒያ ካምፕ ፋየር የተባለው እሳት ፓራዳይዝ የምትባለውን የኮረብታ ከተማ አወደመ። 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከ18,000 የሚበልጡ ቤቶችና ሕንፃዎች ተቃጠሉ። ከከተማይቱ የሚያወጡት መንገዶች ጥቂቶች ስለ ነበሩ ሸሺው ሕዝብ ሞላቸው፤ አንዳንዶችም መኪናቸውን በመንገድ ላይ ትተው በእግር ሸሹ። የተተዉትንም መኪናዎች ቡልዶዘር እየገፋ መንገድ መክፈት ግድ ሆነ። ሳይረን ቢጮኽ ፈቀቅ የሚባልበት ስፍራ ከሌለ፥ ልለፍ የሚለውም አሳልፋለሁ የሚለውም እኩል ይጨነቃሉ። ስለዚህ የእሳት ቀን መንገድ በሰላሙ ቀን መዘጋጀት አለበት።

መምህራን ይህን ትምህርት ሲያስተምሩ፥ ቅድሚያ ማለት አደራ መሆኑን ለልጆች ያስረዱ። ሽማግሎችም የመንደሩ መንገድ በእንጨት፥ በድንጋይ ወይም በቆመ ጋሪ እንዳይዘጋ ቢመክሩ መልካም ነው፤ በችግር ቀን የሚመጣው ረዳት የሚያልፈው በዚያው ነውና።

ጥያቄ፤
1. የእሳት አጥፊ መኪና ቅድሚያ የሚያገኘው መቼ ነው? የማያገኘውስ?
2. የግል ማኅበሮች መኪና ሳይረን እንዳያሰማ ለምን ተከለከለ?
3. ቅድሚያ የተሰጠው ነጂ ስለ ምን መጠንቀቅ አለበት?
4. ወደ መንደራችሁ የሚያስገባው መንገድ ለከባድ መኪና ይበቃልን?