የኤሌክትሪክ መኪና፦ ፈተናው ኃይል ማመንጨት ወይስ ማድረስ?

ከላስ ቬጋስ በስተደቡብ በሚገኘው ሲልቬራዶ ራንች ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ሁለት ነዋሪዎች ቢኖሩ፣ አንዱ በራሱ ቅጥር ግቢ፣ ሌላው በኪራይ አፓርትመንት ቢኖር፣ የመኪና ሕይወታቸው በእጅጉ ይለያያል። ልዩነቱን የሚፈጥረው መኪናው የሚያድርበት ሥፍራ ነው።

ምክንያቱን ቀላል ስሌት ያሳያል። የኤሌክትሪክ ኃይል መጠን የሚገኘው ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው። በአሜሪካ የተለመደው የቤት ሶኬት በ120 ቮልትና በ12 አምፔር 1.4 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ከ40 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በ240 ቮልትና በ32 አምፔር የሚሠራ ቻርጀር ያስገጠመ የቤት ባለቤት ግን በ8 ሰዓት ገደማ፣ ተኝቶ ሳለ ይሞላል።

ተከራዩ ያለ አከራዩ ፈቃድ መስመር መዘርጋት ስለማይችል ተስፋው የሕዝብ ጣቢያ ነው። 150 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ የሚሰጡ ጣቢያዎች ተለዋጭ ኤሌክትሪክን ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡት ራሳቸው በመሆናቸው፣ በመኪናው ውስጥ ያለው አነስተኛ መለወጫ አይገድባቸውም። ሆኖም ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ ጉዳት እንዳያገኘው ፍጥነቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 በላስ ቬጋስ እንደተመዘገበው 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ሙቀት ሲከሰት ደግሞ፣ ባትሪውን ማቀዝቀዝ ራሱ ኃይል ይጠይቃል።

ጥያቄው አዲስ አበባንም ይመለከታል። ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቃለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁን እንጂ ኃይሉ ከግድቡ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ድረስ መድረስ ይኖርበታል። በ220 ቮልትና በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ብቻ ስለሚገኝ፣ ያው ባትሪ 27 ሰዓት ይወስዳል።

ፈጣኑ የቤት ቻርጀር በበኩሉ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙትን ያህል ኃይል ይስባል። ሃያ መኪኖች አመሻሽ ላይ በአንድነት ቢሰኩ ለአካባቢው ትራንስፎርመር ከ150 ኪሎዋት በላይ ተጨማሪ ሸክም ይሆናል። ሰዓታቸው ተከፋፍሎ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ቢሞሉ ግን ያው መስመር ሊሸከማቸው ይችላል።

ስለዚህ ሕንፃ ሲሠራ የቻርጀር መስመር አብሮ መዘርጋት፣ የሙሌትን ሰዓት ማከፋፈልና የግል ማቆሚያ ለሌላቸው ነዋሪዎች በቅርባቸው ጣቢያ መትከል ከመኪናው ግዢ እኩል ሊታሰብባቸው ይገባል።