በደሴቶች ላይ ስለ በዛችው ደቃቃ አረም

አረም በተባለ ጊዜ ገበሬው ቶሎ የሚያስበው ሲናርን፥ ሙጃንና አቀንጭራን ነው። ዛሬ የምንጽፍላት አረም ከነዚህ ሁሉ ታንሳለች፤ ቁመቷ ከጣት እምብዛም አይበልጥም፤ እህልንም አታጠፋም። ይሁን እንጂ በደቡብ ውቅያኖሶች በሚገኙ ደሴቶች ላይ ያደረሰችው ጉዳት፥ አረምን በጊዜው በመንቀልና ጊዜው ካለፈ በኋላ በመንቀል መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ ለገበሬዎችና ለሹማምንት ማስታወቅ የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የዕፅዋት ሊቃውንት ሳጂና ፕሮኩምቤንስ ይሏታል። በኤውሮፓ በርጥብ ሜዳ፥ በቦይ ዳርና በድንጋይ ንጣፍ ስንጥቅ ውስጥ ትበቅላለች፤ በዚያ ከአትክልተኛ በቀር ልብ ብሎ የሚያያት የለም። ቅጠሏ እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ግንዷ በምድር ላይ እየተሳበ ከየአንጓው ሥር ይሰድዳል፤ ስለዚህ ተነቅላ የቀረች ቁራጭ እንኳ ርጥብ አፈር ካገኘች እንደ ገና ታቈጠቍጣለች። ዋናው ኀይሏ ግን በዘሯ ነው። አንዱ ፍሬ ዘር ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል። የአቀንጭራን ዘር የሚያውቅ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። የዘሩ ከረጢት ሲደርስ እንደ ትንሽ ጽዋ ይከፈታል፤ የዝናብ ጠብታ ሲመታውም ዘሩ ዙሪያውን ይረጫል። የቀረው በጫማ ጭቃ፥ በወፍ እግርና በዕቃ ሣጥን ላይ ተጣብቆ ይጓዛል፤ በአፈር ውስጥም ሳይበቅል ዓመታት ይቈያል።

በኢትዮጵያም ደጋ ዘመድ አላት። ሳጂና አቢሲኒካ የምትባለው በከፍተኛ ተራሮቻችን ላይ ትበቅላለች፤ በአረምነት የሚከሳት የለም። በገዛ አገሩ ያለ ዕፅ ጎረቤቶቹ ይገቱታል፤ አንዱ ያጠላበታል፥ ሌላው ይቀድመዋል፥ ከብትና ተባይም ይበላዋል። በሩቅ ደሴት ግን ይህ ሁሉ የለም።

ማሪዮን የምትባለው ደሴት ከኬፕ ታውን ከ2,000 ኪሎሜትር በላይ ርቃ በብርዳማው ባሕር ውስጥ ትገኛለች። ስፋቷ 290 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ሲሆን፥ ዝናቧ የበዛ፥ ምድሯም ረግረግ ነው። ከ1948 ጀምሮ የደቡብ አፍሪቃ የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ይገኝባታል። አረሚቱ በዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በ1965 ነበር። ያን ጊዜ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረች ጥቂት ሰዎች በአጭር ጊዜ ሊያጠፏት ይችሉ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን የባሕር ወፎች ምድሩን እየቈፈሩ ጎጆ ይሠሩበታል፤ የባሕር እንስሳትም ይንከባለሉበታል። እንዲህ የተገለጠውን አፈር ሁሉ አረሚቱ ቀድማ ያዘችው፤ እንደ ምንጣፍ ተነጥፋም የአገሩን ዕፅዋት አፈነች። ዛሬ ከደሴቲቱ ማጥፋት የማይታሰብ ሆኗል። በ1997 ደግሞ 19 ኪሎሜትር ያህል ባሕር በሚለያት በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ላይ ተገኘች።

በአትላንቲክ ውቅያኖስ የምትገኘው ጎፍ ደሴት ነገር ከዚህ ይለያል። 65 ካሬ ኪሎሜትር ስፋት ያላት ይህች ደሴት በ1995 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። አረሚቱ በ1998 በአየር ጠባይ ጣቢያው አጠገብ በታየች ጊዜ፥ የማሪዮን ነገር ታውቆ ስለ ነበር፥ በ2000 የማጥፋቱ ሥራ ተጀመረ። ሠራተኞች በገመድ ታስረው ወደ ባሕሩ ገደል እየወረዱ ይፈልጓታል። የተገኘችበትን ስፍራ በፀረ አረም መድኃኒት ይረጩታል፤ የፈላ ውኃ ያፈሱበታል፤ በጋዝ ነበልባል ያቃጥሉታል፤ አፈሩንም ፍቀው ያነሣሉ። ወደ ደሴቲቱ የሚሻገር ሰው የጫማው ሶል፥ የልብሱ ኪስና የሻንጣው ስፌት ሳይቀር ይፈተሻል። በአፈር ውስጥ የተኛው ዘር ግን በአንድ ዓመት ስለማያልቅ፥ አዲስ ቡቃያ ለመፈለግ ከዓመት ወደ ዓመት መመላለስ ግድ ሆኖባቸዋል። ድካሙ ብዙ፥ ወጪውም ከባድ ነው፤ ቢሆንም አረሚቱ በጣቢያው አካባቢ ተወስና ቈይታለች። በማሪዮን ይህን ያህል እንኳ አልተገኘም።

እኛም ባሕር ባይከበን ሐይቅ፥ ቦይና መስኖ አለን። በ2011 በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ እንደ ሸፈነና ሕዝቡ በእጁ ሊያወጣው እንዴት እንደ ደከመ ያላየ የለም። እምቦጭ ትልቅ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። ደቃቃው አረም ግን ጐንበስ ብሎ የሚፈልገው ሰው ያሻዋል።

ስለዚህ ከሌላ ወረዳ የሚመጣ ችግኝ ከነአፈሩ ሲወርድ፥ የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ አፈሩን ይመርምር፤ በተለየ መደብም ለጥቂት ወራት ያቈየው። የመስኖ ቦይ ሲጠረግ የወጣው ጭቃ ወደ ሌላ ማሳ አይወሰድ። ከርጥብ ማሳ የወጣ ማረሻና ቦት ጫማ እዚያው ይታጠብ። በቦይ ዳር ከዚህ በፊት ያልታየ ዕፅ ያገኘ ገበሬ ዘሩን ሳያራግፍ ከነሥሩ ነቅሎ፥ በወረቀት ጠቅልሎ፥ የተገኘበትን ስፍራና ቀን አስጽፎ በአቅራቢያው ላለው የግብርና ጽሕፈት ቤት ያስረክብ።